የፉርጎው በር

ቦርጋዎን፣ ጃንዩወሪ 12

ለልጄ ለሽሪራንግ፣

አምላካችን ቪቶባ አንተንና ሚስትህን ከዚያ አገር ብርድና ከሰው ዓይን ይሰውራችሁ። ለአባትህ ለባልዋንትም ጤና ይስጠው። በእርሻው ድንበር ከተጣላን ወዲህ ስሙን በጸሎት ሳነሳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ንገረው። እኔ አለሁ። ጉልበቴና ዓይኔ ግን ማን ቀድሞ ይሂድ እያሉ ይሽቀዳደማሉ።

ይህ የራሴ እጅ ነው፣ አትደነቅ። ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የሴቶች ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ የሚያነቡልኝ ሰዎች የሚያስከፋውን መስመር እየዘለሉ ነበር የሚያነቡልኝ። አሁን የሚዘልብኝ የለም። አንተም ስትጽፍ አትዝለል።

ስልክ አለ ትለኛለህ። ስልኩ የምሩናል ነው፤ የምጽፍልህ ደግሞ ስለ ምሩናል ነው። የልጄ የቪላስ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ። አባቷ በሶላፑር መንገድ፣ የሸንኮራ መኪና አውቶቡሱን ደርምሶት ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አሁን መካኒክነት ተምራ፣ አየሩን መጥጠው ባዶ ባደረጉት በዚያ ረጅም ቱቦ ጣቢያ ትሠራለች። በውስጡ እስከ ዛሬ የሄደው ባዶ ፉርጎ ነው። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እንድትሆን መርጠዋታል። መንደሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።

ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ለቆርቆሮ የሚሆን ብትልክልኝ አልጠላም። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የፉርጎውን በር የሠራው አንተ ያለህበት መሥሪያ ቤት ነው ትላለች ምሩናል። በሩ ደህና ነው?

የአጎትህ ሚስት ዋትሳላ


ሮተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 8

ለተከበሩ ለአክስቴ፣ ለካኩ ዋትሳላ፣

ካለሁበት ሆኜ እግርዎን እስማለሁ። እጅዎን ሳይ አለቀስኩ፤ አባባም መነጽሩን ወልውሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጽሕፈቷም እንደ ምላሷ ነው፣ ይዋጋል» አለ። ሚስቴ ሳስኪያ ነፍሰ ጡር ናት፤ በበጋው ትወልዳለች። ይመርቁልን።

ለቆርቆሮው ልኬያለሁ፤ ለክዳን ሠራተኛውም ጨምሬበታለሁ።

ቱቦው ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ተሽከርካሪን የሚያዘገየው ከፊቱ የሚገፋው አየር ነው። አየሩን በፓምፕ ካወጡለት ፉርጎው በማግኔት ተንሳፍፎ፣ ሐዲድ እንኳ ሳይነካ ይበርራል። ከፑኔ ሶላፑር ለመድረስ አንድ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል ይበቃል። በጃንዩወሪ የተደረጉት ፈተናዎች ሁሉ ጥሩ ነበሩ። ለምሩናል እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉልኝ፤ ለቤታችን ትልቅ ክብር ነው።

ዝናብ ሳይጀምር ጣሪያውን ያስጨርሱ።

ልጅዎ ሽሪራንግ


ቦርጋዎን፣ ፌብሩዋሪ 27

ለሽሪራንግ፣

በማህፀን ያለውን ቪቶባ በሰላም ያውጣው። እናቱንም ይጠብቅልን።

የቆርቆሮው ገንዘብ ደርሷል። ደብዳቤህንም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ አየር ነገርከኝ፣ ስለ ማግኔት ነገርከኝ፣ ስለ ጣሪያዬ መከርከኝ። የጠየቅሁህ ስለ በሩ ነበር። አትዝለል ብዬህ ነበር፤ ዘለልክ።

እዚህ ቀኑን ለውጠውታል። አሁን በዚህ ሳምንት፣ ጠዋቱ ገና ሳይሞቅ ሊያደርጉት ነበር። ሊመርቀው ከሙምባይ የሚመጣው ሹም፣ ትልቁ ሰውዬ፣ ግን ቀኑ የተባረከ አይደለም አለና ወደ አክሻያ ትሪቲያ፣ ኤፕሪል 30 አዛወረው። ኬልካር የሚባለው የቢሮው ሰው ሊያበስረኝ እቤቴ መጣ።

«እማማ፣ በዚያ ቀን የተጀመረ አይጎድልም። ቀን ቆጣሪ እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም» አለኝ።

«በዚያ ቀን ምድር ይነድዳል» አልኩት።

«ፉርጎው ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ፤ የልጅ ልጅዎ አትሞቅም።»

«ብረቱስ?»

ሳቀ። «እማማ፣ ብረት አያልበውም።»

ምሩናልም አብራው ሳቀች። የወፍጮ ቤቷ የሱማን ልጅ ኦምካርም ከበሩ ላይ ሳቀ። እሱ ተጠባባቂ ነው፤ ምሩናል ብትታመም ተተኪው እሱ ነው። እናቱ የእኔ ተመርጣ የእሷ ተጠባባቂ ስለሆነ ዱቄት ስታስረክበኝ ፊቷን ታዞርብኛለች።

ከትናንት ወዲያ ሄጄ ቱቦውን በመዳፌ ነካሁት፤ ገና በዚህ ወር ያቃጥላል። ፍየሎች ጥላው ሥር ይተኛሉ፣ ጎኑን ግን አይነኩትም። ሽሪራንግ፣ ገንዘብ አትላክልኝ። በሩን ጠይቄሃለሁ።

ዋትሳላ


ሮተርዳም፣ ማርች 19

ለካኩ ዋትሳላ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለዘገየሁ ይቆጡ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ።

ይህን ለማንም አያሳዩ። እንዳልናገር ፈርሜያለሁ፤ እዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃዴም የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ሳስኪያ ደግሞ እንደነገርኩዎ ናት።

በፉርጎው በር ዙሪያ የጎማ ቀለበት አለ። የሚያፏጨውን ድስትዎን ክዳን ያስቡት። ድስቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት መውጣት እንደሚታገል፣ ፉርጎው ውስጥ ያለው የሰው መተንፈሻም ወደ ባዶው ቱቦ ለመውጣት ይታገላል። የሚይዘው ያ ጎማ ነው። ድስት ቢያፈስ ምስሩ ይዘገያል። ፉርጎ ቢያፈስ ሰው ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ እንኳ አይተርፈውም።

ሌላም አለ። የጋለ ሻይ ስንነፋበት ይበርዳል፤ ሙቀቱን የሚወስድለት አየር አለና። ቱቦው ውስጥ የሚነፍስ የለም። ፉርጎው ከፀሐይ የያዘውን ሙቀት፣ ሞተሩም የሚጨምርበትን፣ ማንም አይቀበለውም። የበሩ ብረት ይለጠጣል፣ ጎማው ይለሰልሳል። ቀለበቱን የፈተንነው በዚህ አገር ብርድና በእናንተ ጃንዩወሪ ነው። በኤፕሪል ሙቀት አልፈተንነውም።

ያፈሳል አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት። ለአለቆቼም የጻፍኩት ይህንኑ ነበር። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ «አላውቅም» የሚለው ቃል ወጥቶ በቦታው «በጥንቃቄ ይከናወናል» የሚል ገብቷል።

ምሩናል ራሷ እምቢ ትበል። የእኔን ስም ግን አያንሱ። እባክዎ ካኩ።

ሽሪራንግ


ቦርጋዎን፣ ኤፕሪል 2

ለሽሪራንግ፣

ቪቶባ እውነት የጻፈበትን እጅህን ይባርክ፤ የፈረመበትን አይቁጠርብህ።

ስምህን ሳልጠራ ነገርኳት። እንዲህ ሆነ።

«ምሩናል፣ አትግቢ» አልኳት። «ጎማው ሙቀት አልቀመሰም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ መሐንዲስ ሆነሽ አርፈሻላ!»

«በሩ እኮ...»

«በሩን በየቀኑ የምዘጋው እኔ ነኝ፣ አያቴ! አባቴን የገደለው በር ነው? የሰከረ ሹፌር ነው። ቱቦው ውስጥ ከፊትሽ የሚመጣ መኪና የለም፣ ጭቃ የለም፣ ሰካራም የለም። በዚያ መንገድ በየሳምንቱ የስንቱ አባት ይሞታል? አንድ ሰው መጀመሪያ መግባት አለበት። እኔ ልግባ።»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ለግማሹ ውሸት ግን የልጅ ልጅ አልሰጥም።

ስለዚህ አስቤ አስቤ አንድ ነገር አገኘሁ። ሽሪራንግ፣ ሞት ላክልኝ።

የአባትህና የባሌ አያት አንድ ነው። ከዚያ ዘር ሰው የትም ይሙት፣ እኛ አሥር ቀን የሐዘን ርኩሰት አለብን። መቅደስ አንረግጥም፣ ሠርግ አንገባም፣ አዲስ ነገር አንመርቅም። ትልቁ ሰውዬ ደግሞ ፈሪ ነው። አምና ድልድይ ሊመርቅ ሲመጣ አንዲት መበለት ከፊቱ አለፈች ብሎ መኪናውን አዙሮ ተመልሷል። እኔንም መበለት ነኝና በልጅ ልጄ ቀን ከኋላ፣ ከውሃ ታንከሩ ጥግ እንድቆም ነግረውኛል። ሐዘንተኛ ልጅ በመጀመሪያው ወንበር ላይ ፈጽሞ አያስቀምጥም።

የራሴን ሞት ልሰጣት አስቤ ነበር፤ ቀኑን የማስተካክልበት ዘዴ አጣሁ። እዚህ ያሉትን ዘመዶቻችንን ደግሞ ሰው ሁሉ በየቀኑ ያያቸዋል። የአባትህን አስከሬን ግን ማንም መጥቶ አያይም። ከኤፕሪል 20 በኋላ ለመቅደሱ ካህን ደውለህ ባልዋንት ሞተ በለው። የቀረውን ለእኔ ተወው፤ ማልቀስ አውቅበታለሁ።

ገንዘብህን ባንክ ቤት በሚሠራው በሱማን ወንድም ልጅ በኩል መልሼልሃለሁ። ጣሪያው ያፍስስ።

ዋትሳላ


ሮተርዳም፣ ኤፕሪል 22

ለካኩ ዋትሳላ፣

የጤና ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አፈረ። ይህ ሲደርስዎ ሁሉም ያለቀ ይሆናል።

ደብዳቤዎን ለአባባ አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«ይህን ያሰበችው ዋትሳላ ራሷ ናት?» አለኝ።

«ራሳቸው ናቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆዷ ሙት ስትለኝ ኖራ፣ ይኸው በጽሑፍ አመለከተች!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ ግን መነጽሩን አወለቀ። «ለልጅቷ ከሆነ እሞታለሁ። ግን በሆድ ቁርጠት አትግደለኝ፤ በእንቅልፉ አረፈ በል። ደግሞ ካህኑ ስለ እኔ ምን እንዳለ ጠይቅልኝ።»

ዛሬ ደወልኩ። ካህኑ አለቀሰ። ደግ ሰው ነበር አለ፤ ለአባባ ስነግረው «እኔን ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበታል» አለ።

ካኩ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ወንበሩ ባዶ አይቀርም። የወፍጮ ቤቷ ልጅ ተጠባባቂ ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ምሩናልን እንጂ ፉርጎውን አላስቆምኩም። ይህን እርስዎ ቀድሞ አልታየዎትም? ወይስ ታይቶዎት ዘለሉት?

ሽሪራንግ


ቦርጋዎን፣ ሜይ 5

ለሽሪራንግ፣

ከሞት ለተመለሰው አባትህ ዕድሜ ይጨምርለት። ለአንተም የሚመጣብህን የምትችልበት ትከሻ ይስጥህ፤ ይመጣብሃልና።

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ታይቶኝ ዘልዬዋለሁ። የጠየቅኸኝን ራሴ አስቀድሜ መልሼዋለሁና ሁሉንም ስማው።

የሞቱ ዜና እንደመጣ ኬልካር ምሩናልን ከወንበሩ አወጣት። እሷም ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች። የማታውቀውን ሽማግሌ እየረገመች ግድግዳውን ትመታ ነበር፤ ሊሞት ሌላ ሳምንት አልነበረውም ወይ እያለች። ከዚያ ሱማን መጣች። ሐዘን ቤት አይገባምና ከደጅ ቆማ ጮኸች።

«ዋትሳላ! ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ግን አምላክ በአንዱ ቤት ሲያስለቅስ በሌላው ያስቃል። ኦምካሬ ሊሄድ ነው!»

በቅጠል የጠቀለለችውን ጣፋጭ አጥሩ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ያቺ ፊቷን ስታዞርብኝ የኖረች ሴት ማለት ነው። አልበላሁትም። ጉንዳን ሲወርረው ከመስኮት አየሁት። በማግስቱም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ኦምካር አዲስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲያልፍ አየሁት። አንገቱ ላይ ገና ከምላጩ የቀረ ፀጉር ነበረበት። ተነሣሁና ወጣሁ።

«ሐዘንተኛ ናት፣ እንዳትነካችሁ!» እያሉ ሰዎቹ መንገዱን ለቀቁልኝ። ወፍጮ ቤት ገባሁ።

«ሱማን፣ ባልዋንት አልሞተም።»

«እ?» አለች፤ ወፍጮው ይጮኻል።

«አልሞተም! ሮተርዳም ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። በሩን ከሚሠሩት አንዱ ልጁ ሽሪራንግ ነው። ጎማው በሙቀት አልተፈተነም ብሎ ጽፎልኛል። የእኔን ልጅ አወጣሁ። የአንቺን አስገባሁ።»

ወፍጮውን አጠፋችው። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከማርቹ የሆሊ በዓል ወዲህ።»

«ከሆሊ ወዲህ! ከሆሊ ወዲህ እዚህ ቆመሽ ዱቄትሽን አስፈጭተሻል፣ ልጄን ከረጢት አሸክመሽዋል!»

በዱቄት እጇ በጥፊ መታችኝ። አልሸሸሁም። ከዚያ እንደሚራገሙ ሴቶች ፀጉሯን ፈትታ፣ ሰውነቷ በዱቄት እንደነጣ፣ ጣቢያው በር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሂጂልኝ አላለችም፣ ቆዪም አላለችኝም።

ኬልካር እየሮጠ መጣ። ስለ ጎማው ነገርኩት፤ ስምህንም ጠራሁ። «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፣ እማማ» አለኝ። ሱማን ግን ስለ ጎማ አላወራችም። «ልጄ በዚያ በር ሲገባ የምረግመው አንተን አይደለም» አለችው። «ትልቁን ሰውዬ ነው። የእናቱን ስም፣ የልጆቹን ስም እየጠራሁ፣ በምርቃቱ ሰዓት።»

ይህች ቃል ሙምባይ ድረስ ሄደች። የውሸት ሞት፣ መበለት፣ ፀጉሯን የፈታች የእናት እርግማን፣ ሁሉም በአንድ ምርቃት ላይ! ትልቁ ሰውዬ ሰው አይግባ፣ አሸዋ ይጫን ብሎ አዘዘ። ስለ ጎማው አንድም ሰው አልጠየቀም። የአንተ «አላውቅም» ያላስቆመውን የሱማን ፀጉር አስቆመው።

ቀኑ ደረሰ። ምድሩ ነደደ። ከበሮው፣ አበባው፣ ካሜራው አልቀረም። ሐዘኑ ውሸት መሆኑ ስለታወቀ ምሩናል ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር፤ በሩን የዘጋችው እሷ ናት። ወንበሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት አስረው አስቀመጡ። ካህኑ በጉዞው የተባረከ ለሕዝቡ ይታደላል ብሎ ማንጎ፣ ስኳርና በላስቲክ የታሸገ ወተት ጨመረበት። ፉርጎው ሄደ። ውጭ ላለነው ምንም አልተሰማም፤ ቱቦው ዝም ብሎ ዋጠውና በሰዓቱ ተመለሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። መንደሩ ወደ እኔና ወደ ሱማን እየጠቆመ ሳቀብን። «ይኸው፣ መሐንዲሶቹ!» ያለም ነበር። ሱማን ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም እውነት ለመናገር አፈርኩ፤ የአንተን እንጀራ በከንቱ ገፋሁት ብዬ።

ምሩናል በሩን ከፈተች። ወተቱ ላስቲኩን ቀድዶ ወጥቷል። ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ሸፍኖታል፤ ይንጠባጠባል።

ትልቁ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ወተቱ ገነፈለ!» ብሎ ጮኸ። አዲስ ቤት ስንገባ ወተት አፍልተን እስኪገነፍል እንደምንጠብቀው፣ በረከት መሆኑ ነው። ከበሮው እንደገና ተመታ። ሴቶቹ ከመሬት እየጠረጉ ግንባራቸውን ቀቡ። እኔም፣ አልዋሽህም፣ እጄን ወደ ግንባሬ አነሣሁ።

ምሩናል ማታ ገባች። መናገር ካቆመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ ወተቱ ቀዝቃዛ ነበር።»

«በዚህ ሐሩር?»

«እሳት አልነበረም። አየሩ ሲያልቅ ያለ እሳት ይፈላል። ፉርጎው ውስጥ ያለው የአየር መለኪያ ወርዶ ወርዶ ነበር፤ ሙቀቱ አበላሽቶት ነው ብለው አጠፉት።» እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «የሰው ደምስ?» አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ኬልካር መጣ። ሻይ ሰጠነው። ጉዞው ስለተሳካ በኦክቶበር ለሚውለው የዳሰራ በዓል ሰው ይገባል አለን፤ ሐዘኑም ውሸት ስለነበረ ወንበሩ አሁንም የምሩናል ነው አለ፣ እንደ ስጦታ። ምሩናል ወተቱ እንዴት እንደፈላ ጠየቀችው። የበረከት ምልክት ነው አላት። እሷም በሩን በየቀኑ የሚዘጉትን እጆቿን ዘርግታ አሳየችው።

ስለዚህ ሽሪራንግ፣ ስምህን አንስቻለሁ፤ ይቅርታ አልጠይቅህም። እስከ ዛሬ አላውቅም ስትል እውነትህን ነበር። ይህን ካነበብክ በኋላ ግን ታውቃለህ። የጻፍክላቸውን እንደገና ጻፍላቸው፤ ቃሉንም ቢያወጡት አንተ መልሰህ አስገባው። ሥራህን ቢወስዱብህ ቤቴ ክፍት ነው፤ ሚስትህንም ስትወልድ እኔ አርሳታለሁ።

ኬልካርን ምን ብላ እንደሸኘችው ሳልነግርህ አልጨርስም።

«ትልቁ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» አለችው። «በሩን እኔ እዘጋላቸዋለሁ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ዋትሳላ